የጁሙዓ ማስታወሻ፦ ዓሣ አያቃስትም

ሱረቱል ከህፍን ያልቀራችሁ እስከ መግሪብ ጊዜ አላችሁ። ሰለዋትም አትርሱ።

ባለፈው ጁሙዓ ከሶላት በኋላ ፒያሳ ወደሚገኝ አንድ ፀጉር ቤት ገባሁ። ወረፋ ስለነበር ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ያንን ቤት የማውቀው ከመስታወቱ አጠገብ ባለው የዓሣ አኳሪየም ነው። ሕፃናት ፀጉራቸውን ሲቆረጡ እሱን እያዩ ዝም ይላሉ። የዚያን ቀን ግን መብራቱ ጠፍቷል፤ ውሃው ደፍርሷል፤ ውስጡ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም።

«ምን ሆኑ?» አልኩት ልጁን።

«ሞቱ ኡስታዝ። ሰባቱም ሞቱ።» መቀሱን አስቀመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እርስዎን ልጠይቅዎት ፈልጌ ነበር። ዛሬ ጠዋት ከህፍን ስቀራ ነቢዩላህ ሙሳና ወጣቱ ዓሣውን የረሱበት ቦታ ስደርስ አላሳልፍ አለኝ። ላድናቸው ብዬ መድኃኒት የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። የገደልኳቸውም እኔ ሳልሆን አልቀርም። ወንጀል አለብኝ?»

ወረፋ ከሚጠብቁት አንዱ ሳቀ። «የሰው ጣጣ አላልቅ ብሎ እያለ ለዓሣ ፈትዋ ይጠየቃል እንዴ!»

ልጁ አልሳቀም። እኔም መሳቅ አልቻልኩም። ነገሩን ከመጀመሪያው እንዲነግረኝ ጠየቅሁት።

ዓሦቹ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ወጣ፤ ጨው የተነሰነሰባቸው ይመስሉ ነበር። ስልኩ ላይ አንድ ቪዲዮ አየና ከመድኃኒት ቤት ቴትራሳይክሊን ገዝቶ አራት እንክብል ፈትቶ ጨመረ። በማግስቱ ለውጥ ሲያጣ አንድ እፍኝ ጨው በተነበት። በሦስተኛው ቀን «ውሃው ቆሽሾ ይሆናል» ብሎ ሁሉንም ደፋ፤ የማጣሪያውን ስፖንጅ በቧንቧ ውሃ ፈትጎ አጠበ፤ ገንዳውን በቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ሞላው። ሱብሒ ሰግዶ ሲመለስ ሰባቱም ተንሳፈዋል።

ሦስት ቀን ሙሉ ያደረገው ሁሉ ከእዝነት የመጣ ነው። ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁትም ስለዚህ እዝነት ነው።

በመጀመሪያ ለሳቀው ወንድማችን። አነስ ኢብኑ ማሊክ ትንሽ ወንድም ነበራቸው፤ አቡ ዑመይር ይባላል። የሚጫወትባት ትንሽ ወፍ ነበረችው፤ ሞተችበትና አዘነ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ቤታቸው ሲመጡ ሕፃኑን እንደ ትልቅ ሰው በኩንያው ጠርተው ስለ ወፏ ጠየቁት። ሐዲሱን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ሻፊዒው ፈቂህ ኢብኑል ቃስ ከዚህች አጭር ታሪክ 60 ያህል ቁም ነገሮች አውጥተው ራሱን የቻለ ኪታብ ጽፈውባታል። ዑለማዎች ወፍ በቤት ማኖር ሐቁ እስከተጠበቀ ድረስ እንደሚፈቀድም ከዚሁ ወስደዋል፤ ዓሣም በዚሁ ሚዛን ይታያል። የአንድ ከተማ መሪ፣ ወሕይ የሚወርድላቸው ነቢይ፣ ለአንዲት ወፍ ሞት ጊዜ ነበራቸው። እኛ ወረፋ ስንጠብቅ ጊዜ እናጣለን?

«ሐቁ እስከተጠበቀ ድረስ» የምትለዋ ግን ከባድ ናት። ድመት አስራ የገደለችውን ሴት ታሪክ ሁላችንም ሰምተናል። በሐዲሱ የተጠቀሰባት ጥፋት ሁለት ነው፦ አላበላቻትም፤ ራሷ ፈልጋ እንድትበላም አለቀቀቻትም። እኔ ዘወትር የምቆመው ሁለተኛው ላይ ነው። ድመቷ ብትለቀቅ ለራሷ ታውቅ ነበር። ዓሣን በመስታወት ያኖረ ሰው ደግሞ መንገዱን በሙሉ ዘግቷል። የሐይቅ ዓሣ ውሃው ቢከፋበት ወደ ሌላ ጥግ ይሄዳል፤ ቢበርደው ሞቅ ወዳለበት ይጠጋል። የአኳሪየም ዓሣ የሚተነፍሰውም፣ የሚበላበትም፣ የሚጸዳዳበትም ያው አንድ ውሃ ነው። ወደ እሱ የሚደርሰው ነገር ሁሉ በእኛ እጅ ያልፋል። በ660 ዓመተ ሂጅራ ያለፉት ዒዝ ኢብኑ ዐብዲሰላም «ቀዋዒዱል አሕካም» በተባለው ኪታባቸው እንስሳት በሰው ላይ ያላቸውን ሐቅ ሲዘረዝሩ፣ ታመው ወይም አርጅተው ጥቅም ባይሰጡም ቀለባቸው እንደማይቋረጥ፣ ከሚጎዳቸው እንስሳ ጋርም አብረው እንዳይደረጉ ጽፈዋል። ጎረምሳ ዓሣ የሌላውን ጭራ እየነጨ ሲያባርር እንደ ትርኢት ቆመው የሚያዩ ወንድሞች ይህችን ይያዟት።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አንድ የአንሷር ሰው አትክልት ቦታ ሲገቡ ግመሉ አይቷቸው እንዳቃሰተና እንባው እንደፈሰሰ አቡ ዳዉድ ዘግበዋል። ባለቤቱን ጠርተው፣ አላህ በእጁ ስላደረጋት እንስሳ አላህን እንዲፈራ ነገሩት። ግመል ያቃስታል። በግ ይጮኻል። ዓሣ አያቃስትም። አላህ (ሱ.ወ) በቁርኣን ሁሉም ነገር እንደሚያጠራው፣ እኛ ግን ማጥራታቸውን እንደማናውቅ ነግሮናል። ተስቢሑ ያልገባን ፍጡር ሕመሙም በቀላሉ አይገባንም፤ ቋንቋውን መማር አለብን። ዓሣ ውሃው ገጽ ላይ አፉን እየከፈተ ከተነፈሰ አየር አንሶታል ወይም ስንጥቡ ተጎድቷል። ክንፎቹን ከሰውነቱ ካጣበቀ፣ ጠጠር ላይ ጎኑን ከፈተገ፣ ከጓደኞቹ ተነጥሎ ጥግ ከያዘ፣ ምግብ ከተወ፣ ያ የእሱ ማቃሰት ነው።

ወደ ልጁ ጥያቄ ልመለስ። «ኒያዬ ጥሩ ነበር» ማለት ይበቃል?

የኒያን ሐዲስ ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን፤ ለማምለጫም እንጠቀምበታለን። ከጎኑ ሌላ ሐዲስ አለ፤ አቡ ዳዉድና ነሳኢ ዘግበውታል። ሕክምና እንደሚያውቅ ሳይታወቅ ያከመ ሰው ለደረሰው ጉዳት ተጠያቂ እንደሆነ ይናገራል። ሐዲሱ ክፉ ስላሰበ ሐኪም አይደለም የሚያወራው፤ ማከም ስለፈለገ ሰው ነው። ፉቀሃእ ሁለት ነገር ይለያሉ፦ ወንጀልና ዶማን። ወንጀሉ በኒያና በማወቅ ይመዘናል፤ ዶማኑ፣ ማለትም የጉዳቱ ኃላፊነት፣ ኒያ ቢያምርም አይነሳም። ዓሦቹ የልጁ ንብረት ስለሆኑ ለማንም የሚከፍለው ካሳ የለም። ሆኖም «በፍቅር ነው» ማለት የተበላሸውን እንደማይጠግን ከሐዲሱ እንረዳለን።

ከዚህ የሚከብድም አለ። በጉዞ ላይ ጭንቅላቱን ድንጋይ የፈነከተው አንድ ሶሐባ ጀናባ ሆኖ አደረ። ተየሙም ይበቃኛል ወይ ብሎ ጓደኞቹን ጠየቀ። ውሃ እያለ አይበቃህም አሉት። ታጠበ፤ ሞተ። ወሬው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ ሲደርስ ሰዎቹ ገደሉት ብለው ተቆጡ፤ ካላወቁ ለምን አልጠየቁም፣ የአለማወቅ መድኃኒቱ መጠየቅ ነው አሉ። እነዚያ ሰዎች ጠላቶቹ አልነበሩም። ለዲኑ ተጠንቅቀው፣ ለወንድማቸው ሶላት አስበው የተናገሩ ናቸው።

ይህን ለልጁ ስነግረው እኔኑ ወጋኝ። ከዓመታት በፊት አንድ ወንድም መስጊድ በር ላይ አስቁሞ ስለ ጦላቅ ጠየቀኝ። ጫማዬን እያሰርኩ መለስኩለት። ምን እንዳለ፣ በምን ሁኔታ እንዳለ፣ ስንት ጊዜ እንዳለ አንድም ጥያቄ አልጠየቅሁትም። ከሦስት ወር በኋላ ሚስቱ ቤተሰቧ ዘንድ እንዳለች ሰማሁ። አንድ ሽማግሌ ሸይኽ ዘንድ ይዤው ሄድኩ። እሳቸው ግማሽ ሰዓት ሙሉ ጠየቁት፤ መልሳቸው የእኔ ተቃራኒ ሆነ። ልጁ አራት እንክብል ነው ገንዳ ውስጥ የጨመረው፤ እኔ ግን ሰው ቤት ውስጥ ነው የጨመርኩት።

እና ለፀጉር አስተካካዩ ያልኩት ይህን ነው፦ «አብሽር፤ ባላወቅኸው ነገር ወንጀለኛ ነህ አልልህም። መጠየቅ እየቻልክ ትተህ ከሆነ ግን እሱን አንተና ጌታህ ታውቃላችሁ፤ ኢስቲግፋር አድርግ።»

«ማንን ልጠይቅ ኡስታዝ? ደሴ ላይ የዓሣ ሐኪም የት አለ?»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። የቀራው ሱራ ግን ትዝ አለኝ። ለነቢዩላህ ሙሳ ዐለይሂ ሰላም ዓሣው የሚጠፋበት ቦታ፣ ያላወቁትን የሚያስተምራቸው ሰው የሚገኝበት ምልክት ነበር። ዓሣው መጥፋቱን ሲሰሙ አላዘኑም፤ ዱካቸውን ተከትለው ተመለሱ። ስለዚህ እኔም ሳምንቱን አነበብኩ፤ ዩኒቨርሲቲ አብሮኝ የነበረ፣ ዓሣ ሀብት ያጠና ወንድም ጋ ደወልኩ። ወሎ ዩኒቨርሲቲም የእንስሳት ሕክምና የሚያስተምሩ ሰዎች አሉት፤ በራቸውን ማንኳኳት አይከፋም። ያገኘሁትን እነሆ።

አብዛኛው የዓሣ በሽታ የሚነሳው ከውሃው ነው። ዓሣ በስንጥቡ አሞኒያ ያስወጣል፤ የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያ ደግሞ መርዝ ነው። የማጣሪያው ስፖንጅ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ጉዳቱ ወደሚያንስ ናይትሬት ይቀይሩታል። በአዲስ ገንዳ እነሱ እስኪበረክቱ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን እነሱንም ይገድላል፤ የዓሣውንም ስንጥብ ያቃጥላል። ልጁ ስፖንጁን በቧንቧ ሲፈትግ ሰባቱን ዓሦች ያቆሙለትን የማይታዩ ሚሊዮኖች አጠበ። ስለዚህ ዓሣ ሲታመም እጃችን መጀመሪያ ወደ መድኃኒት አይሂድ። ከውሃው ሩቡን ብቻ ቀይሩ፤ የምትጨምሩት ውሃ ክፍት ዕቃ ውስጥ ቢያንስ አንድ ቀን ያደረና ሙቀቱ ከገንዳው ጋር የተስተካከለ ይሁን። ስፖንጁን ከገንዳው በቀዳችሁት ውሃ ብቻ እጠቡ። ምግብ ቀንሱ፤ አየር ጨምሩ።

አየር የምለው በምክንያት ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይሳሳል፤ ውሃም የሚይዘው ኦክስጅን በዚያው ልክ ይቀንሳል። የመድኃኒት ዕቃዎች ላይ ያለው መመሪያ የጦሳን ተራራ አያውቅም። ብዙዎቹ መድኃኒቶችም፣ ውሃ ማሞቅም ኦክስጅኑን የበለጠ ይቀንሱታል። ሌላው ብርዱ ነው። የሞቃት አገር ዓሦች ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ይፈልጋሉ። ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅም ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ስለምትል እዚያ ያሉ ወንድሞች ይቀላቸዋል። እኛ ጋ መብራት ሲጠፋ ገንዳውን በብርድ ልብስ መጠቅለል፣ ሙቅ ውሃ የሞላ የታሸገ ፕላስቲክ ጠርሙስ ማንሳፈፍ ይረዳል።

አሁን ወደ ነጩ ነጠብጣብ። ኢክ ይባላል። የሚያመጣው ባክቴሪያ አይደለም፤ ጥገኛ ተሕዋስ ነው። ስለዚህ ቴትራሳይክሊን ጭራሽ አይነካውም፤ ያውም ውሃው ካልሲየም የበዛበት ከሆነ ካልሲየሙ መድኃኒቱን ይይዘዋል። ተሕዋሱ በሦስት ደረጃ ያልፋል። መጀመሪያ በዓሣው ቆዳ ሥር ተደብቆ ይበላል፤ እዚያ እያለ መድኃኒት አይደርስበትም። ጠግቦ ይወድቅና ጠጠር ላይ ራሱን ሸፍኖ በመቶዎች ይከፋፈላል፤ እዚያም አይነካም። ከዚያ ልጆቹ ሌላ ዓሣ ፍለጋ ይዋኛሉ፤ በአንድ ሁለት ቀን ካላገኙ ይሞታሉ። መድኃኒት የሚገድላቸው በዚች ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ነጠብጣቡ ሲጠፋ «ዳነ» ብሎ ማቆም ስህተት ነው፤ ቆዳው ጠርቶ ጠጠሩ ሞልቶ ሊሆን ይችላል። በሞቀ ውሃ ይህ ዑደት ከሳምንት ባነሰ ጊዜ ያልቃል፤ በቀዘቀዘ ውሃ ሳምንታት ይፈጃል። የመጨረሻው ነጠብጣብ ከጠፋ በኋላ ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀጥሉ፤ ውሃው ቀዝቃዛ ከሆነ ከዚያ በላይ።

መጠኑስ? ሱረቱ ረሕማን ስለ ሚዛን የሚለውን አስታውሱ። ርዝመትን በወርድ፣ በከፍታ አባዙና ለ1,000 አካፍሉ። የልጁ ገንዳ 60 በ30 በ35 ሴንቲ ሜትር ነው፤ 63 ሊትር ይሆናል። ጠጠሩና ከላይ የጎደለው ሲቀነስ 50 ሊትር ገደማ ነው። እሱ መቶ ሊትር ይመስለው ነበር። በመቶ የታሰበ መድኃኒት በ50 ውስጥ እጥፍ ነው። ጨውም በእፍኝ አይለካም። ለአንድ ሊትር 1 ግራም፣ በሌላ ዕቃ ሟሙቶ፣ ቀስ በቀስ፤ ካስፈለገ በቀናት ውስጥ እስከ 2 ወይም 3 ግራም። ቅርፊት የሌላቸው የድመት ዓሣ ዓይነቶችና ተክሎች ብዙ ጨው አይችሉም። ውሃ ሲተን ጨው አብሮ አይተንም፤ ስለዚህ በተነነው ፋንታ ጨው የሌለው ውሃ ጨምሩ። ሜቲሊን ብሉ የማጣሪያውን ባክቴሪያ ስለሚጎዳ በተለየ ዕቃ ይደረግ። ማላካይት ግሪን ለሰውም አደገኛ ነው፤ ለምግብ በሚረቡ ዓሦች ላይ በብዙ አገሮች ተከልክሏል፤ ያለ ጓንት አትንኩት። ሁለት መድኃኒት አትቀላቅሉ። ማጣሪያው ውስጥ ከሰል ካለ መድኃኒቱን ስለሚመጥ አውጡት።

የልጁ ዓሦች በሽታውን ያገኙት ደግሞ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ፣ በላስቲክ ከረጢት ከመጡ ሁለት አዳዲስ ዓሦች ይመስለኛል፤ በመጡበት ቀን ነው የተቀላቀሉት። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የታመሙ ግመሎች ባለቤት በጤነኞቹ ላይ እንዳያመጣቸው ከልክለዋል። ለአዲስ ዓሣ ከ2 እስከ 4 ሳምንት የብቻ ዕቃ ማለት ይኸው ሐዲስ ነው፤ ባልዲም ይበቃል።

ለራሳችሁም ተጠንቀቁ። የፀጉር አስተካካይ ጣት ምላጭ አያጣውም። በዓሣ ውሃ ውስጥ የሚኖር ማይኮባክቴሪየም ማሪነም የሚባል ባክቴሪያ በቁስል ገብቶ ለወራት የማይድን እብጠት ያመጣል። ቁስል ካለ ጓንት አድርጉ፤ የውሃ ቱቦውን በአፍ አትሳቡ፤ እጃችሁን ከመንከራችሁ በፊት ማሞቂያውን ከሶኬት ንቀሉ።

የማይድን ቢሆንስ? ተስፋ የሌለውን እንስሳ ለማሳረፍ መግደል ላይ ዑለማዎች ይለያያሉ። ዓሣ ግን መታረድ የማያስፈልገው ሐላል እንስሳ ስለሆነ ነገሩ የቀለለ ይመስለኛል፤ እርግጠኛ መሆን የሚፈልግ ከእኔ የሚበልጥ ይጠይቅ። ካደረጋችሁት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በእርድ እንኳ ያዘዙትን ኢሕሳን ጠብቁ፦ በአንድ ፈጣን ምት። ከነነፍሱ ሽንት ቤት መጣል ወይም ደረቅ ላይ መተው ዙልም ነው። መድኃኒት የጠጣ የሞተ ዓሣም ለድመት አይሰጥም።

«ነፃ ላውጣው» ብሎ ቦርከና ወይም ሐይቅ መልቀቅም እዝነት አይደለም። ሐይቅ ውስጥ ያለው ቆሮሶ ራሱ በ1970ዎቹ በሰው እጅ የገባ ነው፤ ዛሬ ብዙ ቤተሰብ ይበላበታል፤ ከአኳሪየም የወጣ በሽታ እሱንም ዓሣ አጥማጁንም ያገኛል። ጣናን ያስጨነቀው እምቦጭም ከደቡብ አሜሪካ ለአበባው ውበት ተብሎ የተሰራጨ ተክል ነው። የተረፈ አንቲባዮቲክም ቦይ ውስጥ አይደፋ፤ የደሴ ቦይ ወደ ቦርከና ይወርዳል፤ ታች በውሃው የሚጠቀም ገበሬ አለ።

ለዓሊም በውሃ ውስጥ ያሉት ዓሦች ሳይቀሩ ምሕረት እንደሚለምኑለት አቡ ዳዉድና ቲርሚዚ ዘግበዋል። ለምን ዓሦች? ከዑለማዎች የተወሰኑት፣ እንስሳት ሐቃቸው የሚጠበቀው በዒልም ስለሆነ ነው ብለዋል። መድረሳ እያለሁ ይህን ሐዲስ ስሸመድድ ለኔ ለደረሳው የተሰጠ ሽልማት ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ዓሦቹ ለራሳቸውም የሚለምኑ ይመስለኛል።

ረቡዕ ለት በፀጉር ቤቱ በር ሳልፍ ገባሁ። አኳሪየሙ ተወልውሎ መብራቱ በርቷል። አየሩ ይንቦጫቦጫል፤ ጎኑ ላይ ቴርሞሜትር ተለጥፏል፤ ከሥሩ በእስክሪብቶ «50 ሊትር» ይላል። ዓሣ የለበትም። ባክቴሪያዎቹ እንዲበረክቱ በየቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ እየጣለ፣ እስኪበሰብስ እየጠበቀ ነው።

ወንበሩ ላይ የተቀመጠ አንድ ሕፃን አንገቱን አዙሮ «ዓሦቹ የታሉ?» አለው።

«ውሃው ገና ነው» አለ ልጁ፣ ማበጠሪያውን እያነሳ። «አምስት ሳምንት ይቀረዋል።»